አሮጌ ናፍጣ አውቶሞቢል በአውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ለጋምቤላ መንገድ በእርግጥ ወጪ ቆጣቢ ነውን?

መግቢያ

በሀገራችን ስለ መኪና ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሊትር ትበላለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ነዳጅ የሚደርሳት ቦቴ ደጋውን አቋርጦ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ «ናፍጣ ናት፣ ቆጣቢ ናት፣ አውቶማቲክ ስለሆነች ደግሞ አታደክምም» የተባለች አሮጌ የቤት አውቶሞቢል ገዢ አታጣም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆኗል። በመሆኑም እንዲህ ዓይነት መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቀድሞ ከገባው፣ ብዙ ከሠራው ነው። ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ምክር የሚጠየቀው ደግሞ መካኒክ ነው፤ ማለትም ነገ እኛ ነን። በዚህ ጽሑፍ ሊትር ቆጥሮ መግዛት ለምን እንደማይበቃ ለማሳየት ተሞክሯል።

1. የምንነጋገርበት መኪና

ለምሳሌነት የተመረጠው መርሴዲስ ደብልዩ 123 ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ሲመረት ቁጥሩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። አዲስ አበባን የሚያውቅ በትላልቅ ሆቴሎች ደጅ ይቆሙ የነበሩትን ቢጫ መርሴዲስ ታክሲዎች ያስታውሳል። ከናፍጣዎቹ መካከል «240 ዲ» የሚባለው ባለ አራት ፒስቶን፣ 2.4 ሊትር ሞተር አለው። ጉልበቱ መጀመሪያ 65፣ በኋላ 72 የፈረስ ጉልበት ነበር። «300 ዲ» ደግሞ ባለ አምስት ፒስቶን ነው። ሁለቱም በማኑዋልም በአውቶማቲክም ተሠርተዋል። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ግን ለቶዮታ ኮሮናና ካሪና ናፍጣዎችም በአብዛኛው ይሠራል።

2. ናፍጣ ለምን ይቆጥባል?

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም ይጨምቃል፤ በ240 ዲ ጭመቃው 21 ለ 1 ነው። ጭመቃ በጨመረ ቁጥር ከነዳጁ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያውን የሚያንቅ ክዳን የለውም። ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በሚኒሞ ሲቆምም ሆነ በቀስታ ሲሄድ ብዙ አይበላም።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች ናፍጣው በማኑዋል ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር፣ በአውቶማቲክ 10 ሊትር፣ ተመጣጣኙ አውቶማቲክ ቤንዚን 13 ሊትር ይበላሉ እንበል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ናፍጣ ማኑዋል 900፣ ናፍጣ አውቶማቲክ 1,000፣ ቤንዚን 1,300 ሊትር ይሆናል። ከቤንዚን አንጻር የ300 ሊትር ቁጠባ አለ። ጥያቄው ይህ 300 ሊትር ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል ወይ ነው።

3. አውቶማቲኩ የሚወስደው

በማኑዋል ካምቢዮ ፍሪሲዮን ከተለቀቀ በኋላ ሞተርና ካምቢዮ እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ። በእነዚህ አሮጌ አውቶማቲኮች ግን በመካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፤ ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ከካምቢዮው በጥቂቱ ቀድሞ ይዞራል። ያ ልዩነት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

ዘይቱ የሚቀዘቅዘው ደግሞ በራዲያተሩ በኩል አልፎ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ራዲያተሩ በሣር ዘርና በአቧራ ከተደፈነ የሚጎዳው ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ካምቢዮውም ይቀቀላል። በሙያው የተለመደው መመሪያ የካምቢዮ ዘይት ከ80 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋው መጨረሻ ሙቀቷ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ «በየጊዜው ይቀየር» የተባለ ዘይት እዚህ በቶሎ መቀየር አለበት። የተቃጠለ ካምቢዮ ማሳደስ የብዙ ዓመት የናፍጣ ቁጠባ ይበላል፤ አውቶማቲክ አሳምሮ የሚፈታና የሚገጥም ጋራዥም በየከተማው አይገኝም።

4. ከጎሬ ወደ ጋምቤላ፦ ቁልቁለቱ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ የሚደርስ መኪና በድምሩ 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። መኪናው ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 1,800 ኪሎ ግራም ቢመዝን በዚህ ውረድ የሚለቀው ኃይል፦

1,800 × 9.8 × 1,500 = 26.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው።

ይህ 80 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን መያዝ ያለበት ሞተር ወይም ፍሬን ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ ስፍራ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ይህ መኪና ሊያዝ የሚገባው ኃይል ወደ 15 ኪሎ ዋት ይጠጋል። አራት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ባንድ ላይ እንደ መለኮስ ማለት ነው። ሁሉም በፍሬን ላይ ከወደቀ ሸራው ይነዳል፣ የፍሬን ዘይቱም ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲስብ ግን የሚፈቀደው ዝቅተኛ ወለል 140 ነው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አውቶማቲኩ ይህን ያከብደዋል። ማርሹ «ዲ» ላይ ከተተወ ካምቢዮው ወደ ቀላሉ ማርሽ ይወጣል፤ ሞተሩ መኪናውን አይዝም ማለት ይቻላል። ማኑዋል የለመደ ሾፌር «በማርሽ ይዤያታለሁ» ብሎ ያስብና በእውነቱ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። የናፍጣ ሞተርም የአየር ክዳን ስለሌለው፣ ከላይ የቆጠበልን ያው ምክንያት፣ በቁልቁለት ላይ የመያዝ አቅሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ መምረጫውን ወደ ከባድ ማርሽ ማውረድ ግድ ነው። በአንዳንዱ መኪና «3» እና «2»፣ በሌላው «ኤስ» እና «ኤል» ተብሎ ተጽፏል። በፍጥነት ላይ እያሉ በድንገት ማውረድ ግን ሞተርንም ካምቢዮንም ይጎዳል።

«ናፍጣ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ልልቀቃት» የሚለው ልማድ ደግሞ በሁለት በኩል ስህተት ነው። በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ለሚኒሞ ናፍጣ ይበላል። እናም ዜሮ ማርሽ ከቁጠባ ይልቅ ወጪ ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድ የባሰ ነው፦ የፍሬን አጋዡ ቫኪዩም የሚያገኘው በሞተሩ ከሚዞር ፓምፕ ስለሆነ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል፣ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕም ይቆማል።

ሲወጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎሬ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው 72 የፈረስ ጉልበት በዚያው ልክ ይደክማል። ጋምቤላ ሜዳ ላይ ተሞክራ «ጥሩ ናት» የተባለች መኪና ዳገቱ ላይ ትጨሳለች፣ ታጓራለች፣ ካምቢዮዋም ይግላል።

5. ውሃ

በ2014 ክረምት መጨረሻ ባሮ ሞልቶ የከተማውን ሰፈሮችና ኢታንግን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎችን አጥለቅልቋል። ለዚህ መኪና ውሃ ሁለት ጠላትነት አለው። የ240 ዲ አንድ ሲሊንደር 600 ሲ.ሲ. ሲሆን ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 30 ሲ.ሲ. ብቻ ነው። ውሃ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ግማሽ የቡና ሲኒ ውሃ በአየር መግቢያው ቢገባ ዘንጉን ሊያጣምም ይችላል። ካምቢዮው ውስጥ ከገባ ደግሞ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቀይ መስሎ ይታያል፣ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎቹም ሙጫቸው ይለቃል። ውሃ ውስጥ የጠፋችን መኪና ደግሞ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር አይገባም፤ መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ውሃው ይውጣ።

6. ከመግዛት በፊት

ሀ. ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳ። ቆይቶ ከተነሳ የማሞቂያ ካንዴሌታዎቹን ወይም ጭመቃውን እንጠርጥር።
ለ. ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳን ይከፈት። ጭስ በኃይል ቢተፋ ፒስቶን ደክሟል።
ሐ. የካምቢዮ ዘይት በመለኪያው ይታይ። ቀይና ንጹሕ ከሆነ መልካም፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅር።
መ. ፍሬን ረግጦ ከዜሮ ወደ «ዲ» ሲገባ ወዲያው መያዝ አለበት። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ከቆየ ውስጡ አርጅቷል።
ሠ. በደብልዩ 123 ላይ ሞተር ማጥፊያውም የካምቢዮ አቀያየሩም በቫኪዩም ይሠራሉ። ቁልፍ ተነቅሎ ሞተሩ እምቢ ካለ ወይም ማርሽ በኃይል ከነጠቀ፣ ካምቢዮ ከመፍታት በፊት የተሰነጠቀ ቀጭን የጎማ ቱቦ እንፈልግ።
ረ. ናፍጣው በጀሪካን የሚገዛ ከሆነ የውሃ ማጣሪያው በየጊዜው ይራገፍ።

በመጨረሻም መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቀር እስከ መቱ ድረስ በገመድ አትጎተት። ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ዘይት አይዘዋወርም። የኋላ ጎማዎቹን ማንሳት ወይም ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ መፍታት ይሻላል።

ማጠቃለያ

አሮጌ ናፍጣ አውቶሞቢል ቆጣቢ ነው መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጠባው ናፍጣ ውስጥ ብቻ የለም። ንጹሕ ራዲያተር፣ በጊዜው የተቀየረ የካምቢዮና የፍሬን ዘይት፣ በቁልቁለት ከባድ ማርሽ፤ እነዚህ ከተጠበቁ 300 ሊትሩ ለባለቤቱ ይቀራል። ካልተጠበቁ ግን በካምቢዮ ይወጣል፣ ሲብስም በሰው ሕይወት። ከከተማ ወደ አቦቦና ኢታንግ ለሚመላለስ በጥንቃቄ ከተያዘች አውቶማቲኳ ትሆናለች። ጎሬን በየሳምንቱ ለሚወጣና ለሚወርድ ግን ማኑዋሏን እንድንመክር ሙያው ያስገድደናል።