የልጆቻችን ትርፍ ሰዓት፤ ለሥራ ወይስ ለጨዋታ?

ለንባብ፦ ዘካርያስ 8፥1-8፤ ሉቃስ 2፥41-52፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7-10



ልጆች ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ እስከ ማታ ያለውን ሰዓት በምን ያሳልፈው? አባት «ሥራ ይልመድ፤ ቤቱንም ይርዳ» ይላል። ልጅ ግን በሜዳ የሚጠብቁትን ጓደኞቹን ያስባል። እናትም በሁለቱ መካከል ሆና ትጨነቃለች። ይህ ጥያቄ በባላገርም በከተማም፣ በአገር ቤትም በሰው አገርም የሚነሣ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ትምህርታችን በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመረምረው እንወዳለን።

ነገሩ በግልጥ እንዲታየን ከአገራችን ወጥቶ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ በአሳባችን እንሣል። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር አለ። በ1997 ዓ.ም. በሱዳን የሰላም ስምምነት ከተደረገ ወዲህ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ጁባ ሄደው ሆቴልና ሱቅ ከፍተዋል፤ በቦቴ መኪና ውሃ እያመላለሱ ለከተማው ሕዝብ በመሸጥ የሚተዳደሩም አሉ። እንግዲህ በኮር ዊሊያም አነስተኛ ሱቅ ያለው አንድ አባት አለ እንበል። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሱቁ ቆሞ እንዲሸጥለት ይፈልጋል። ልጁ ግን ልቡ በቅርጫት ኳስ ላይ ነው።

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። አባት የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት፤ በአገር ቤት ያሉ ሽማግሌ ወላጆቹም እጁን ይጠብቃሉ። ልጁ ደግሞ በዚያ አገር ይህ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚከበር ያያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ቡድን በለንደን ከአሜሪካ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 101 ለ100 በሆነ ውጤት በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸነፈ፤ ከስምንት ቀን በኋላም በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ነጻነቱን ካገኘ ዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ የሆነው ሕዝብ በዚህ እጅግ ደስ አለው። ይህን ያየ ልጅ ኳስ ቢወድ አያስደንቅም።

እንግዲህ በዚህ ቤት ማን ይፈረድለት? ከመፍረዳችን በፊት ሥራም ጨዋታም ምን እንደ ሆኑ እንመርምር።

አንደኛ፤ ሥራ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው

ሥራ በኃጢአት ምክንያት የመጣ ቅጣት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የታዘዘው ገና ሳይበድል ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከበደል በኋላ የተጨመረው ድካሙና ላቡ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ጌታችንም በሰፈሩ ሰዎች ዘንድ በጸራቢነቱ ይታወቅ ነበር (ማር. 6፥3)። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል (ሐ.ሥ. 18፥3)። ስለዚህ በአባቱ ሱቅ የሚቆም ልጅ ወይም በአዲስ አበባ ጎዳና በሊስትሮነት ደብተሩን የሚገዛ ልጅ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሚዛን ሳያጓድል መሸጥን፣ ለሽማግሌና ለችግረኛ በትሕትና መታዘዝን፣ እንጀራ በድካም እንደሚገኝ በዚያ ይማራል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ሆኖም ሥራ ወሰን አለው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም በሥራ እንዳይሰማራ ያዛል። በደቡብ ሱዳን ሕግም ዝቅተኛው የመቀጠሪያ ዕድሜ 14 ዓመት ነው። ነገር ግን ሕጉ ያስቀመጠው ሰባት ሰዓት ሊታለፍ የማይገባ ወሰን ነው እንጂ ለተማሪ ልጅ የተመደበ ልክ አይደለም። ቀኑን በትምህርት የዋለ ልጅ ሰባት ሰዓት ቢጨመርበት መቼ ያጠናል? መቼስ ይተኛል?

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 ለጀርመን ከተሞች አማካሪዎች ትምህርት ቤት እንዲያቆሙ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ነገር አንሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ለቤት ሥራ ስለሚያስፈልጉ ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ አይፈልጉም ነበር። ሉተርም ልጆቹ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይማሩ፤ በቀረው ጊዜ በቤት ይሥሩ ወይም የእጅ ሙያ ይልመዱ፤ በኳስ፣ በሩጫና በትግል የሚያጠፉት ጊዜ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው ሲል መለሰላቸው። እንግዲህ ሉተር ሥራንና ትምህርትን አላጣላቸውም። በእኛ ዘመን የልጁ ዋና ተግባር ትምህርት ስለ ሆነ ልኩን ገልብጠን ብንይዘው መልካም ነው፤ የቀኑ ብዙ ክፍል ለትምህርት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ደግሞ ለሥራ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ጨዋታም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው

ከእኛ መካከል ኳስ የሚጫወት ልጅ ሲያዩ ዋልጌ ነው ብለው የሚፈርዱ አሉ። ለዚህም ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ስለ ሰውነት ልምምድ የጻፈውን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ሐዋርያው የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት ነው አለ እንጂ ጥቅም የለውም አላለም። እግዚአብሔርን መምሰል ከሁሉ እንደሚበልጥ ሊያስተምር ሁለቱን አመዛዘነ። ጥቂት የተባለውን ስጦታ የሚንቅ ሰው ሰጪውን እንዳይንቅ ይጠንቀቅ።

ነቢዩ ዘካርያስም ከምርኮ ለተመለሰው ሕዝብ የኢየሩሳሌምን ተስፋ ሲናገር፣ ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው በአደባባይ ሲቀመጡ፣ የከተማይቱም ጎዳና በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሲሞላ አሳየ። ይህን ስናነብ ጁባን እናስብ። በዚያች ከተማ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ ውጊያ ሆነባት። በጎዳናዋ ጥይት በሚጮኽበት ቀን ልጅ አይጫወትም። እንግዲህ በኮር ዊሊያም የልጆች ጩኸትና የኳስ ድምፅ የሚሰማበት ማታ የሰላም ማታ ነው፤ ለዚያም ምስጋና ይገባል።

ደግሞም ጨዋታ ሰውን ከሰው ጋር ያስታርቃል። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ሩጫ ደቡብ አፍሪካዊቱን ኤላና ሜየርን ቀድማ ወርቅ አገኘች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተለይታ ቆይታ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር። ጥቁሪቱና ነጪቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በሕግ ተለያይተው እንዲኖሩ የተፈረደባቸውን የሰው ልጆች ጨዋታ ለአንድ ሰዓት አንድ አደረጋቸው።

ሦስተኛ፤ ሁለቱንም የሚያበላሸው አንድ ነው

እንግዲህ ሁለቱም መልካም ከሆኑ ጠቡ ከየት መጣ? በመጠን አለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱንም በገንዘብ ከመለካት ነው። አባት ልጁን ሲያይ ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ አድርጎ ቆጥሮት እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ልጅም ኳሱን ሲይዝ ጨዋታውን ሳይሆን ክብርና ሀብት እያለመ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ወደ ኦሊምፒክ የሚሄድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዐሥራ ሁለት ተጫዋች ብቻ አለው። በሜዳ የሚሮጡት ግን አእላፍ ናቸው። ከእነዚያ ዐሥራ ሁለት አንዱ ለመሆን ብሎ ትምህርቱን የተወ ልጅ ዕድሜውን በዕጣ ላይ ጥሎታል። ለሱቁ ትርፍ ብሎ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባትም እንዲሁ አድርጓል። ጌታችን ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ያለው ለአባትም ለልጅም ነው (ሉቃ. 16፥13)።

አራተኛ፤ የልጅነት ጥሪ

ጌታ ኢየሱስ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ ከመምህራን መካከል ተቀምጦ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ለወላጆቹ ይታዘዝ ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ አስተዳደጉን ሲጽፍ በጥበብና በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊትም በሞገስ እንዳደገ ይነግረናል። የልጆቻችንን ሰዓት የምንለካበት መስፈሪያ ይህ ነው። ልጁ እየተማረ ነውን? ሰውነቱ እየጠና ነውን? በእሑድ ከምእመናን ጋር ቃሉን ይሰማልን? ለጎረቤቱስ ይጠቅማልን? ሥራም ሆነ ጨዋታ ከእነዚህ አንዱን ከነጠቀ ይቀነስ።

በዚህ ስፍራ ስለ ሴቶች ልጆቻችን ሳንናገር ብናልፍ እንበድላለን። ወንድሟ «ልሥራ ወይስ ልጫወት?» ብሎ ሲከራከር እርስዋ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ፣ ሕፃን አዝላ ትመሻለች። ሥራዋ ደመወዝ ስለሌለው ሥራ ተብሎ አይቆጠርም፤ ጨዋታዋንም የሚጠይቅ የለም። ነቢዩ ግን በጎዳና ስለሚጫወቱት ሲናገር ሴቶች ልጆችንም ቆጥሯል። እንግዲህ የቤቱ ሥራ በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ይከፈል፤ ለጥናትና ለጨዋታ የሚሆን ሰዓትም ለእርስዋ ይሰጣት።

ወደ ኮር ዊሊያሙ ቤት እንመለስ። አባትና ልጅ በአንድነት ይቀመጡ፤ እናትም ትኑር። በሳምንት ሦስት ቀን ልጁ ሁለት ሰዓት በሱቁ ያገልግል፤ አባትም ስለ ድካሙ ጥቂት ይስጠው፤ ልጁም ከዚያ ለእግዚአብሔር ቤትና ለደብተሩ መለየትን ይልመድ። በሁለት ቀን ሳይሰጋ ይጫወት፤ ሳይመሽም ይመለስ። እሑድ ለቃሉና ለዕረፍት ትጠበቅ። ፈተና ሲደርስ ሁለቱም ይተዉ። አባት አንድ ቀን ወደ ሜዳ ወጥቶ ልጁ ሲጫወት ቢያየው፣ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ የልጁን ልብ ያገኛል። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ የታዘዘውም ስለዚህ ነው (ኤፌ. 6፥4)።

ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ሱቁ ቢዘጋ፣ አባት ቢታመም፣ ልጁ ካልሠራ ማታ እንጀራ የማይገኝ ቢሆንስ? በዚያን ጊዜ ልጁ ኳሱን ትቶ እናቱን ቢረዳ አራተኛውን ትእዛዝ ፈጽሟል፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም ልጁ ትክክል ስላደረገ እኛ ከተጠያቂነት አንድንም። በአንድ ጉባኤ ውስጥ አንድ ልጅ ከረኀብ የተነሣ ከትምህርት ቤት ቢቀር ጥያቄው የዚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የምእመናን ሁሉ ነው። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መበለቶች በተዘነጉ ጊዜ ሰባት ሰዎችን መርጣ በማዕድ አገልግሎት ላይ ሾመች (ሐ.ሥ. 6)። እኛስ የትኛው ልጅ ከሜዳውና ከክፍሉ እንደ ጎደለ እናውቃለንን? በእሑድ ከጎናችን የተቀመጠው ልጅ በሳምንቱ የት እንደሚውል ጠይቀን እናውቃለንን? ጸሎት ብቻ አድርገን ብንሄድ እንጀራው ከየት ይመጣለታል?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን የልጆች ሰዓት እንዴት ተከፍሏል? ወንዶችና ሴቶች ልጆች እኩል ዕረፍት አላቸውን?

2. ልጆቻችን ከሚሠሩት ሥራ የምንፈልገው ትምህርቱን ነው ወይስ ገንዘቡን ብቻ?

3. በጉባኤያችን ስለ ችግር ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አለን? በዚህ ወር ምን ልናደርግለት እንችላለን?

ጸሎት

ሰማያዊ አባት ሆይ፤ ልጆቻችን ያንተ ናቸው፤ ለእኛ በአደራ ሰጥተኸናል። እጃቸውን ለሥራ፣ እግራቸውን ለጨዋታ፣ ልባቸውን ለቃልህ ስለ ፈጠርህ እናመሰግንሃለን። ከገንዘብ ፍቅር አድነን። በሰው አገር የሚደክሙትን ወላጆች አጽናቸው። በጦርነት በቈሰሉ ከተሞች ጎዳናዎች ልጆች ያለ ፍርሃት የሚጫወቱበትን ሰላም ስጥ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንለምንሃለን። አሜን።