የእግር ደም ሥር ምርመራ፦ ከመርፌው በፊት ምን እንናገር?

ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው እግር ማበጡ የተለመደ ቢሆንም እብጠት ሁሉ ግን የድካም አይደለም። አንደኛው እግር ብቻ አብጦ ባቱን የሚያምና የሚያቃጥል ከሆነ በውስጠኛው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እንደ አገር ቤት ልማድ አታሳሹት፤ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ አስቸኳይ ሕክምና መደወል ነው።

ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዝዘው አልትራሳውንድ ነው። መርፌም ጨረርም የለውም፣ አትፍሩት። ያ ካልበቃ ቬኖግራም የሚባለው ሊታዘዝ ይችላል። በእግር ጀርባ ባለ ደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይወጋና እግሩ በራጅ ይታያል። ፈሳሹ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፤ ይህ ወዲያው ያልፋል።

ጉዳት የሚያመጣው ሌላ ነው። ቆዳ ማሳከክ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር የአለርጂ ምልክት ነውና እዚያው ተናገሩ። መርፌው የገባበት ቦታ ክፉኛ ካቃጠለም ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋውን ሊያቆስል ስለሚችል ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። አልፎ አልፎ ምርመራው ራሱ ደም ሥሩን ያስቆጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል። በቀጣዮቹ ቀናት እብጠቱ ከባሰ ተመለሱ።

ኩላሊት የታመመች፣ አስም ያለባት፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስድ አስቀድማ ታሳውቅ። እንቅርትም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም። በደጋው አገራችን ብዙዎቻችን ይዘነው አድገናል፤ አዮዲኑ ከሳምንታት በኋላ የልብ ምት ሊያፈጥንና ሊያከሳ ይችላል። ጾም ላይ ያላችሁም ውሃ የተጠማ ሰውነት ኩላሊቱ ቶሎ እንደሚጎዳ አስቡ። ሕመምተኛ ከጾም ይፈታል፣ ስለዚህ መጠጣት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ።

አስተርጓሚዋ ማዳም ከሆነች ሁሉም ነገር ላይነገር ይችላል። ቢያንስ «ዓንዲ ሐሳሲያ»፣ አለርጂ አለብኝ፣ ማለትን በቃል ያዙ። እርግዝና የምትጠራጠር እኅት ደግሞ ራጁ ከመነሣቱ በፊት «በአልትራሳውንድ ይታይልኝ» ብላ ትጠይቅ።