የኋላ መጥረጊያው ለቆመበት ወጣት

ልጄ፣ የገዛሃት ፖርሽ 944 በዕድሜ ታላቅህ ናት። የተመረተችው እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 ስለሆነ የመጨረሻዋ እንኳ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። መልካም መኪና ናት፤ ሞተሯ ከፊት፣ ካምቢዮዋ ከኋላ ስለሆነ ክብደቷ የተመጣጠነ ነው። የኋላ የዝናብ መጥረጊያዋ ቆመ ብለህ አትደንግጥ። ብዙ ወጣት እንዲህ ሲሆንበት መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አንሥቶ አዲስ የመጥረጊያ ሞተር ማዘዝ ነው። የእኔ ምክር ከዚህ ይለያል፦ መጥረጊያ ሲቆም ሞተሩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። የምነግርህ ለማዝዳ አርኤክስ-7ም ሆነ ለሌሎች የዚያ ዘመን ስፖርት መኪኖች ይሠራል፤ የቡሎኑ ቦታ ቢለያይም በሽታው አንድ ነው።

1. ከመፍታትህ በፊት አድምጥ። የመኪናዋን ሞተር ሳታስነሣ ቁልፉን አዙር፣ ሬዲዮህን ዝጋ፣ ሰው ማብሪያውን ይጫንልህ፣ አንተ ጆሮህን ወደ ኋላ ክዳኑ አስጠጋ። ፍጹም ጸጥታ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። የመጥረጊያው ሞተር እየጮኸ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ ክንዱን የያዘው ዳዶ ላልቷል ወይም የሞተሩ የውስጥ ጥርስ ተበልቷል። እያቃሰተ በዝግታ ከሄደ ግራሶው ደርቋል፣ ካልሆነም ዘንጉ ዝጓል። ማብሪያውን ስታጠፋ ክንዱ መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ ማረፊያው የሚመልሰውን ኮንታክት ጠርጥር።

2. ፊውዙን አውጥተህ እየው። ባይቃጠልም እንኳ የተሰካበት ቦታ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ ጥረገውና መልሰህ ስካው። ይህ ምንም አያስወጣህም።

3. በቴስተር ብቻ አትታመን። ቴስተር እዚህ ግባ የሚባል ኃይል ስለማይወስድ፣ ክሮቹ ተበጥሰው አንዷ ብቻ የቀረችበት ሽቦ ላይ እንኳ «12 ቮልት አለ» ብሎ ያሳይሃል። ሞተሩ ግን በአንድ ክር አይዞርም። ስንቱ ጤነኛ ሞተር በዚህ የተነሣ ተጣለ መሰለህ! የድሮ ኤሌክትሪሻኖች የሚይዙትን የአምፖል መፈተሻ ያዝ፤ የፍሬን መብራት 21 ዋት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ መቀጠል ነው። የሞተሩን ሶኬት ነቅለህ፣ ማብሪያውን አብርተህ፣ አምፖሉን በሶኬቱ ላይ አገናኝ። ቦግ ብሎ ከበራ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ወደ ሞተሩ እለፍ። ከደበዘዘ ወይም ካልበራ አንዱን ጫፍ ከማሳው (ከግራውንዱ) ሽቦ ነቅለህ ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ አስነካው። ያኔ በደንብ ከበራ ጥፋቱ የማሳው ነው። ከእነዚህ አሮጌ መኪኖች የኤሌክትሪክ ጣጣ ብዙው የሚመጣው ከማሳ ነው።

4. የክዳኑን ማጠፊያ መርምር። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፤ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም መዳቡ ከውስጥ ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ከላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዓይን አትፍረድ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በጣትህ ቀስ አድርገህ ሳብ። እንደ ሌሎቹ ጠንካራ ሳይሆን የሚለጠጥ ካገኘህ፣ ሌባው እሱ ነው። ስትጠግነው ደግሞ መታጠፊያው ላይ አትበይደው። የተበየደ ቦታ ግትር ስለሚሆን እዚያው አጠገቡ እንደገና ይበጠሳል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ግዛ፣ መጋጠሚያዎቹን ከመታጠፊያው ወዲያና ወዲህ አርቃቸው።

5. ክንዱን ስትነቅል ለመስታወቱ ፍራ። ከሁሉ በፊት የመጥረጊያው ላስቲክ ያረፈበትን ቦታ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ከዚያ ቆቡን አንሣና ዳዶውን አላላ፣ ግን ጨርሰህ አታውጣው፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቆይ፣ የዘንጉን ጫፍም ይጠብቅልሃል። በብርዱ ወራት ጨው በሚረጭበት አገር፣ እንደ እኛ ቨርጂኒያ ባለው፣ የአሉሚኒየም ክንድና የብረት ዘንግ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተህ አሳድረው። በነጋታው በትንሽ መንቀያ ንቀለው እንጂ ካቻቢቴ መስታወቱ ላይ ደግፈህ አትፈልቅቅ። የኋላ መስታወት እንደ ፊተኛው በሁለት ንብርብር መካከል ፕላስቲክ ያለው አይደለም፤ ከተሰበረ በአንድ ጊዜ ደቅቆ ዕቃ መጫኛህ ላይ ይፈሳል። ከውስጥ በኩል የተለጠፉትን የማሞቂያ መስመሮችም በመሣሪያ እንዳትጭራቸው።

6. ሞተሩን ሳትፈራ ክፈት። በመጀመሪያ ግን ፊውዝ ባለው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ አገናኝተህ ሞክረው። ካልዞረ ወይም ካቃሰተ የሞተሩን ክዳን ፍታ። ውስጡ የምታገኘው ግራሶ እንደ ሻማ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በካቻቢቴ ጫፍ ፋቀው፣ ብረት ብረቱን በነጭ ጋዝ እጠብ፣ ፕላስቲኩንና ኮንታክቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ አዲስ ነጭ ሊትየም ግራሶ በልኩ ቀባ። ግራሶ ኮንታክቱ ላይ እንዳይደርስ። የካርቦን ብሩሾቹን ርዝመት እይ። የናይሎኑ ጥርስ ከተበላ ጥርሱን ብቻ ፈልግ፤ ለአንዳንዱ ሞተር ለብቻው ይሸጣል። ዘንጉ በጉሮሮው ውስጥ ከተጣበቀ አውጥተህ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጥራው።

7. ክንዱን በእጅህ አትግፋው። ሞተሩ ጥርሱን የሚያዞረው በጠመዝማዛ ብረት ስለሆነ ከክንዱ በኩል መልሰህ ልታዞረው አትችልም፤ ከገፋኸው የሚበላው ናይሎኑ ነው። መኪና የሚያጥቡልህ ልጆችም ይህን ይወቁ። በረዶ ጥሎ ባደረበት ጠዋትም ላስቲኩ ከመስታወቱ መላቀቁን ሳታይ ማብሪያውን አትንካ።

8. ስትገጥም ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ክንዱን ሳታስገባ ሞተሩን አብርተህ አጥፋው፣ ራሱ ማረፊያው ላይ ይቆም። ከዚያ ክንዱን በፕላስተሩ ምልክት ልክ አስገባ፣ መስታወቱን አርጥብና ሞክር። ዘንጉ መስታወቱን በሚያልፍበት ቀዳዳ ያለውን ላስቲክ ግን አሮጌውን አትመልሰው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከደረቀ ግን ውሃ ያስገባል። ውሃው ወርዶ የሚጠራቀመው ስኮርታ ጎማው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አታየውም። ዳዶውንም ከልክ በላይ አታጥብቅ፤ ከሥሩ ያለው መስታወት ነው።

9. ያገለገለ ሞተር መግዛት ግድ ከሆነ፣ አሮጌህን ይዘህ ሂድ። የተጻፈበትን ቁጥር አስተያይ፣ የሶኬቱን እግሮች ቁጠር፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት በባትሪ አስዙረው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የገዛ ሰው ይህ አይነገረውም፤ «ይሠራል» የተባለ ዕቃ ሁሉ እዚያው ሲሠራ ይታያል። እናንተ የዛሬ ልጆች ግን በፎቶ ነው የምትገዙት።

10. ነቅሎ መተውም ነውር የለውም። ቀጥ ያለ ጀርባ ያለው ስቴሽን ዋገን ሲሄድ ከኋላው የሚሽከረከረው አየር ጭቃውን መልሶ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ እሱ ያለ መጥረጊያ አይሆንለትም። ያንተዋ መስታወት ግን ተዳፋት ስለሆነ ፍጥነት ስትጨምር ነፋሱ አብዛኛውን ውሃ ይጠርገዋል። ያለ ኋላ መጥረጊያ ከፋብሪካ የወጡ 944ዎችም አሉ። በበጋ ቅዳሜ ብቻ የምትነዳት ከሆነ ለቀዳዳው የተሠራውን መድፈኛ ግዛና ዝጋው፤ ሲሊኮን ብቻ ሞልተህ አትተው፣ ጊዜ ጠብቆ ያፈሳል። የሽቦዎቹን ጫፍ ሸፍን፣ ሞተሩንና ክንዱን በካርቶን አድርገህ አስቀምጥ፤ የሚገዛህ ሰው ይጠይቅሃል። በየቀኑ በዝናብና በበረዶ ወደ ሥራ የምትሄድባት ከሆነ ግን ጠግናት። በከተማ መንገድ በዝግታ ስትሄድ ያ ተዳፋት መስታወት ውሃውን ተሸክሞ ይቀመጣል፣ ወደ ኋላ ስትመለስም ሕፃን ልጅ አያሳይህም።

እንግዲህ ዛሬ ምንም አትዘዝ። ፊውዙን፣ ማሳውንና ማጠፊያው ጋ ያለውን ሽቦ በአምፖል ፈትሽና ያገኘኸውን ደውለህ ንገረኝ።