ኤስኤስዲ ገብቶለትም የሚንቀራፈፍ አሮጌ ኮምፒውተር

በፊንጣስና በአካባቢዋ፣ በማንጋፍም በፋሃሂልም ያላችሁ እህቶች በዕረፍት ቀን ስንገናኝ ደጋግማችሁ ከምታነሡልን ጥያቄዎች አንዱ የኮምፒውተር ነገር ነው። ማዳም አዲስ ላፕቶፕ ሲገዙ አሮጌውን ዴስክቶፕ ይሰጣሉ፤ ወይም ሁለት ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው ከሱቅ ጁምዓ ያገለገለ ይገዛሉ። «በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ኤስኤስዲ አስገቡበት፣ እንደ አዲስ ይሮጣል» ይባላሉ። ያስገባሉ፤ እውነትም ለጥቂት ወራት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፎቶ እስኪከፍት ቡና ያስፈላል። ሱቅ ሲወስዱት መልሱ አጭር ነው፤ «ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ!»

ኤስኤስዲ ስለተንቀራፈፈ ብቻ ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜም መፍትሔው ዲናር አይጠይቅም። በዚህ ትምህርታችን ምክንያቱን እንዴት እንደምትለዩ፣ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምረን እናያለን።

በነገራችን ላይ፣ ኮምፒውተሩን የሰጧችሁ ማዳም ከሆኑ፣ መስጠታቸውን በስልክ መልእክት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው ከቤት ሲወጣ ነገር እንዳይመጣባችሁ። የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ አስቀድሞ እንዲጠፋም ራሳችሁ አሳስቧቸው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁን፣ የፓስፖርትና የሥራ ውል ቅጂዎቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን ስላለው ሊሞት ሲል ብዙውን ጊዜ ይንቋቋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡት፤ ሲነሣ በራሱ የሚሠራው ብዙ ሥራ አለና። ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል ሚሞሪንና ዲስክን ተመልከቱ። ሚሞሪው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤስኤስዲውን አትውቀሱት። ሚሞሪ ሲያልቅበት ዊንዶውስ የተረፈውን ሥራ ወደ ዲስኩ ያመላልሳል፤ ዲስኩም ዕረፍት ያጣል። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ብቻ ያለው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10ን ሲሸከም የሚደርስበት ይኸው ነው። ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ያገለገለ ሚሞሪ መጨመር አዲስ ኤስኤስዲ ከመግዛት ይሻላል። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር2 ይሁን ዲዲአር3 ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ሚሞሪው በቂ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ወደ ኤስኤስዲው እንሄዳለን። መጀመሪያ የምንጠረጥረው መሙላቱን ነው። በ120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮና ድራማ ሲከማችበት ባዶ ቦታ አይተርፈውም። ይህ ለምን እንደሚያንቀራፍፈው ለመረዳት ወጥ ቤት እንግባ። ብርጭቆዎችን ትሪ ላይ አንድ በአንድ መደርደር ትችላላችሁ እንበል፤ ማጠብ የሚቻለው ግን የትሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በትሪው ላይ ካሉት ግማሾቹ ገና የሚፈለጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ እነርሱን ወደ ሌላ ንጹሕ ትሪ ማዛወር ግድ ነው። ትርፍ ትሪ ካለ ይህ ሥራ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ቀስ ብሎ ይሠራል። ከሌለ ግን እንግዳው ቆሞ እየጠበቀ ይታጠባል። ኤስኤስዲም እንዲሁ ነው፤ የሚጽፈው በትናንሽ ገጾች ሲሆን፣ የሚደመስሰው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ትልቅ ክፍል በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ቢያንስ 15 ወይም 20 በመቶው ባዶ እንዲሆን አድርጉ።

«ትሪም» የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የትኛው ብርጭቆ ከእንግዲህ እንደማይፈለግ ለኤስኤስዲው የሚነግር ነው። ትእዛዙ ካልደረሰው እናንተ ያጠፋችሁትንም ፋይል እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ ሲያመላልስ ይኖራል። ዊንዶውስ ኤክስፒና ቪስታ ትሪምን አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ያሉት ያውቃሉ። በዊንዶውስ 10 «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ፈልጋችሁ፣ ሲ ድራይቭን መርጣችሁ «ኦፕቲማይዝ» በሉት፤ ለኤስኤስዲ የሚልከው ይህንኑ ትእዛዝ ነው። ለሃርድ ዲስክ የተሠሩ የዲፍራግ ፕሮግራሞችን ግን አትጫኑበት፤ ያለ ጥቅም ያስረጁታል። ትሪም አንድ መዘዝ አለው፤ የጠፋ ፎቶን ባለሙያም ቢሆን መልሶ ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። ቅድም «አስቀድማችሁ ገልብጡ» ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ባዶ ቦታ ኖሮትም ካልተሻለው ገመዱንና መሰኪያውን እንይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የዲስኩን ጤንነት በመቶኛ ያሳያል፣ የግንኙነቱንም ዓይነት «ሳታ/300» ወይም «ሳታ/600» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ካለ የመጀመሪያው አሁን የሚሠራበት፣ ሁለተኛው ዲስኩ የሚችለው ነው። ከ2011 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ የኢንቴል ዴስክቶፖች ከ300 አያልፉም። ይህ ግን አያሳስባችሁ፤ ለደብዳቤ፣ ለፎቶና ለኢንተርኔት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። «ማዘርቦርዱ አርጅቷልና ለውጪው» ለሚል ሻጭ ጆሮ አትስጡ። በዚያው ገጽ ላይ «ሲአርሲ» የሚለው የስሕተት ቁጥር በየጊዜው እየጨመረ ከሄደ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። የሳታ ገመድ ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ለውጡ።

በባዮስ ውስጥ «አይዲኢ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ ትእዛዞች አንድ በአንድ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ «ኤኤችሲአይ» ሲሆን እስከ 32 ድረስ አንድ ላይ ይቀበላል። ነገር ግን በድንገት አትቀይሩት! ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ላይነሣ ይችላል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ እንዲነሣ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ባዮሱን መቀየር፣ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ ካስነሡት በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ካልደፈራችሁ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሠሪው ይሆናል። «ሳምሰንግ 840 ኢቮ» የተባለው ኤስኤስዲ ቆየት ያሉ ፋይሎችን ሲያነብ እጅግ እንደሚዘገይ በ2014 ታወቀ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ማስተካከያ አወጣ፤ ችግሩ ስለተመለሰም በ2015 ሌላ ጨመረ። ይህ ዲስክ ዛሬም ባገለገሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የዲስካችሁን ስምና ቁጥር አንብባችሁ፣ የሠሪውን አዲስ ፈርምዌር ፈልጉ። በጣም ርካሽ የሆኑት ደግሞ ትልቅ ፊልም ስትገለብጡ በፍጥነት ይጀምሩና መሐል ላይ ይዳከማሉ። ይህ ተፈጥሯቸው ነው፤ ለዕለታዊ ሥራ ግን ያገለግላሉ።

የኩዌትን ሙቀት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በሐምሌ 2016 ሚትሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ኤስኤስዲዎች የተሠሩት እስከ 70 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ነው። ኤሲ በሌለው ክፍል፣ አቧራ በደፈነው ሳጥን ውስጥ፣ ወደዚያ መጠጋት አያስቸግርም። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንስ ዲስክም አለ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ ከግድግዳውም አርቁት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የጤንነቱ መቶኛ ወርዶ ከተገኘ በእርግጥ መለወጥ አለበት። በሃዋሊ ኢብን ኻልዱን ጎዳና የኮምፒውተር ሱቆች ጎን ለጎን ስላሉ ዋጋ አነጻጽሩ። ሲጠግኑት ቆማችሁ እዩ፤ አሮጌውንም ዲስክ ተቀበሉ፣ ፎቶዎቻችሁ ውስጡ አሉና። በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንዳቆመ አስታውሱ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሥርዓት ቀለል ይላል።

ኮምፒውተሩን ለሚማር ወንድም ወይም እህት ወደ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ፣ ያረጀ ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ እንደማይወድ ዕወቁ። የኢንዱስትሪው መስፈርት ዕድሜውን ከጨረሰ የቤት ኤስኤስዲ የሚጠብቀው፣ ጠፍቶ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲበልጥ ጊዜው ያጥራል። ስለሆነም ፎቶዎቹን በሌላ ቦታ አስቀርታችሁ ላኩት፤ ሲደርስም ካርቶን ውስጥ ሳይከርም ቶሎ እንዲከፍቱት ንገሯቸው።