ትንሽ ውሻ ለአፓርታማ ይመቻል? ስለ ቴሪየር ዝርያዎች

በዚህ ሴሚስተር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ «ትንሽ ውሻ ልወስድ ነው» ብለውኛል። ያሳዩኝ ፎቶ የሦስቱም ቴሪየር ነው። መልኩ ስለሚያታልል ዝርያው ከየት እንደመጣ እንይ።

«ቴሪየር» የሚለው ስም የመጣው «ቴራ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ መሬት ማለት ነው። የብሪታንያ ገበሬዎችና አዳኞች ቀበሮና አይጥ ጉድጓዳቸው ድረስ ገብቶ እንዲያወጣላቸው ያራቡት ውሻ ነው። ትንሽ የሆነው ጉድጓድ እንዲገባ እንጂ ጭን ላይ እንዲቀመጥ አይደለም። ጃክ ራስል የተሰየመው በቄስ ጆን ራስል ነው። ሰውዬው ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ በ1819 እ.ኤ.አ.፣ ትራምፕ የምትባል ውሻ ከወተት ሻጭ ገዛ (ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም)። ዝርያው ከእሷ ይቆጠራል።

እኔ የምወደው ግን የዮርኪን ታሪክ ነው። ዛሬ ፀጉሩ በሪባን ታስሮ በቦርሳ የሚዞረው ውሻ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከስኮትላንድ ሥራ ፍለጋ ወደ ዮርክሻየር የሄዱ ሸማኔዎች ይዘዋቸው ከመጡ ውሾች የተገኘ ነው። ሥራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አይጥ መግደል ነበር። የስደተኛ ልጅ በሉት።

ይህ ጠባይ ዛሬም አልጠፋም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ቴሪየር ግን ባልበላበትም ይጮኻል፤ ለጎረቤት ኮቴ፣ ዕቃ ለሚያደርስ ሰው፣ ለሊፍት ድምፅ። ሥራ ካላገኘ ምንጣፍ ይቆፍራል። እንደኔ የ12 ሰዓት ክሊኒካል ያለባችሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማን እንደሚያወጣው ከወዲሁ አስቡ።

የቤተሰብም ጉዳይ አለ። እናቴ ውሻን የምታውቀው ግቢ ጠባቂ አድርጋ ነው፤ ሶፋ ላይ የሚወጣ ውሻ ሊገባት አልቻለም። ፍርሃቷ ግን ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው «ፓስተር ሂድ» የሚባለውም ቀድሞ በክትባቱ ፈልሳፊ በሉዊ ፓስተር ስም ይጠራ ወደነበረው ተቋም ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ክትባት የጀመረ ሰው ግን ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት መጥፋቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታውጇል። በጆርጂያ በሽታው የሚገኘው በብዛት በራኩን ላይ ስለሆነ ውሻ መከተብ ግዴታ ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት በዚህ መንገድ ነው፤ «ውሻው ይፈራል» ከማለት ይልቅ «ክትባቱ አለ» ማለት ይሻላል።

ክላርክስተን አካባቢ ለምትኖሩ የዲካልብ ካውንቲ መጠለያ ቻምብሊ ነው። እዚያ በብዛት የምታገኙት ትልልቅ ድብልቅ ውሾችን ነው፤ ትንንሾቹ ቶሎ ይወሰዳሉ። ካርዱ ላይ «ቴሪየር» የሚለውን ብዙ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ በዓይን ግምት የተጻፈ ነው። ከዝርያው ይልቅ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል? ልጅ ይወዳል? ማሰሪያ ይጎትታል? እርግጠኛ ካልሆናችሁ በጊዜያዊነት ወስዶ ማቆየትም ይቻላል፤ ለተማሪ የምመክረው እሱን ነው። የክትባቱን ወረቀት ደግሞ አትጣሉት፤ እናታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።