የሩትና የተጠቃሚ መለያዎች በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ፦ ከጥናት መረጃ ምስጢራዊነት አንጻር

መግቢያ

ዋና ግቢው በሆሳዕና፣ ሌላው ካምፓሱ በዱራሜ የሚገኘውን ዋቸሞን በመሰለ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄዱ የጤናና የማኅበራዊ ጥናቶች የተሳታፊዎችን የግል ምላሽ ይሰበስባሉ። ነዋሪው በሚተዋወቅበት ከተማ ስምን ከመጠይቁ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ቀበሌ፣ ዕድሜና የሥራ ዓይነት ተደምረው ግለሰቡን ሊጠቁሙ ይችላሉ። በስምምነት ቅጹ ላይ «ከአጥኚው በቀር ማንም አያየውም» የሚል ቃል ከተገባ፣ ቃሉ የሚጸናው መረጃው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ የማን ሥልጣን እስከ ምን እንደሚደርስ ሲታወቅ ነው።

የመለያዎቹ ጠባይ

የሊኑክስ ከርነል ተጠቃሚን የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። የሩት መለያ ቁጥር 0 ሲሆን፣ የተራ ተጠቃሚዎች ቁጥር በአብዛኞቹ ሥርጭቶች ከ1000 ይጀምራል። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤትና ቡድን አለው። የማንበብ (4)፣ የመጻፍ (2) እና የማስኬድ (1) ፈቃዶች ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች ተለይተው ይሰጣሉ። በዚህ ስሌት ፈቃዱ 600 የሆነን ፋይል ከተራ ተጠቃሚዎች መካከል ባለቤቱ ብቻ ያነበዋል፤ ይጽፍበታልም። ይሁን እንጂ ይህ ገደብ ሩትን አያግድም።

የጋራ የይለፍ ቃል መዘዝ

በአንድ ቤተ ሙከራ አምስት ተመራማሪዎች የሩትን የይለፍ ቃል ቢጋሩ፣ እያንዳንዳቸው የአራቱን መረጃ ማንበብ፣ መለወጥና መሰረዝ ይችላሉ። በቀጥታ በሩት ገብተው ሲሠሩም ድርጊቱ ሁሉ በአንድ ቁጥር ስም ስለሚፈጸም ተጠያቂውን መለየት ያዳግታል።

ሱዶ የተባለው መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ተጠቃሚው በራሱ የይለፍ ቃል የተፈቀደለትን ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል፣ ትእዛዙም በስሙ ይመዘገባል። ሁሉን ትእዛዝ የተፈቀደለት ሰው ግን ከሩት አይለይም፤ መዝገቡንም ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም ሳልትዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ያብራሩት የአነስተኛ ሥልጣን መርሕ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ መስጠት፣ እዚህም ይሠራል።

መሣሪያው ራሱም እንከን አያጣም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይፋ የሆነ የሱዶ ስሕተት ተራውን ተጠቃሚ ወደ ሩትነት የሚያሸጋግር ሲሆን፣ ከ2011 ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ ቆይቷል። ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር የመለያ ድንበሩ ለመጣስ የተጋለጠ ነው።

ማጠቃለያ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱ መለያ ይሰጠው፤ የሩት ሥልጣን በታወቁ ጥቂት ባለሙያዎች እጅ ይወሰን፤ ማሻሻያዎች በወቅቱ ይጫኑ። ምላሾቹ ተመስጥረው ይቀመጡ፤ ምስጢሩ የተፈታን ፋይል ሩት ሊያነበው ስለሚችልም፣ ፋይሉ አጥኚው ብቻ በሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። የጥናት ንድፈ ሐሳብም የሩት ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ድርሻ ይግለጽ፤ ተሳታፊው ምላሹን ማን ሊያየው እንደሚችል ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለምና።