የጥይቱ ውታፍና የሾትጋን በርሜል ጽዳት፦ የአሠራር መመሪያ

ሾትጋን በአንድ ተኩስ በርካታ ትናንሽ ፍሬዎችን የሚረጭ የአደንና የዒላማ ስፖርት ጠመንጃ በመሆኑ፣ በጥይቱ ውስጥ ባሩዱን ከፍሬዎቹ የሚለይና በሙያው አጠራር ዋድ የሚባል ውታፍ ያስፈልገዋል። ውታፉ ከኋላው የባሩዱን ጋዝ አፍኖ ግፊቱ በፍሬዎቹ መካከል ሾልኮ እንዳያመልጥ ያደርጋል፣ ከፊቱ ደግሞ ፍሬዎቹን እየገፋ በበርሜሉ፣ ማለትም ፍሬዎቹ ተወንጭፈው በሚያልፉበት የብረት ቱቦ፣ በኩል ያስወጣቸዋል። በእያንዳንዱ ተኩስ የበርሜሉን ግድግዳ እየታከከ የሚያልፈው እርሱ ስለሆነ፣ በውስጡ ምን ዓይነት ቅሪት እንደሚቀርና ቅሪቱ በምን እንደሚለቅ በአመዛኙ የሚወሰነው በውታፉ ዓይነት ነው።

በበርሜል ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው?

ዋና ዋናዎቹ ቅሪቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የባሩድ ጥቀርሻ ሲሆን፣ ማንኛውም ጥይት ይህን ስለሚተው ከውታፉ ዓይነት ጋር ያለው ግንኙነት አነስተኛ ነው፤ ለዚሁ በተዘጋጀ የባሩድ ማሟሚያ ፈሳሽም በቀላሉ ይለቃል። ሁለተኛው ፍሬዎቹ ብረቱን ሲፍቁ የሚለጠፈው እርሳስ ነው። ሦስተኛው በሙቀትና በፍትጊያ ለስልሶ የሚቀባው ፕላስቲክ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከጥቀርሻው የሚለዩት በተለመደው ማሟሚያ የማይሟሙ በመሆናቸው ነው፤ ፈሳሹ ሥራቸውን ያላላል እንጂ አያጠፋቸውም፣ የሚያነሣቸው ብሩሽ ነው። ብዙ ፈሳሽ አፍስሶ ጥቂት መፈተግ ከንቱ ድካም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ውታፍ የሚተወው

የፕላስቲክ ውታፍ ፖሊኢትሊን ከተባለው ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ፍሬዎቹን የሚያቅፍ ጽዋ አለው። ጽዋው ፍሬዎቹ ብረቱን እንዳይነኩ ስለሚከልል የእርሳስ ቅሪቱ ያንሳል፤ በአንጻሩ ራሱ ውታፉ እየተፋተገ የሚተወው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በተለይ በሁለት ቦታዎች ይከማቻል። አንደኛው ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል ቀጥሎ በርሜሉ እየጠበበ የሚሄድበት አንገት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቾክ የሚባለውና ፍሬዎቹን ሰብሰብ አድርጎ ለማስወጣት ከአፈሙዙ አጠገብ የተበጀው ጠባብ ክፍል ነው።

የቃጫ ውታፍ፣ በሌላ ስሙ ፋይበር፣ ከተጨመቀ የዕፅዋት ቃጫ ወይም ከመሰል ነገር የሚሠራና ብዙውን ጊዜ ጽዋ የሌለው ስለሆነ፣ ፍሬዎቹ በቀጥታ ብረቱን እየፈተጉ ያልፋሉ። ስለዚህ ፕላስቲክ አይተውም፤ የሚተወው የእርሳስ ጭረት፣ ጥቀርሻና የቃጫ ብናኝ ነው፤ ውታፉ በሰም ወይም በቅባት የተነከረ ከሆነም ቅባታም ቅሪት ይጨመራል። በእንግሊዝ አገር ከብት በሚሰማራባቸው መስኮች ላይ የሚገኙ ብዙ የተኩስ ሜዳዎች፣ ሜዳው ላይ የሚቀር ፕላስቲክ እንዳይኖር ሲሉ የሚፈቅዱት የቃጫ ውታፍ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ የሚተኩስ ሰው የሚታገለው በዋናነት ከእርሳስ ጋር ነው።

የአረብ ብረት ፍሬ ያለው ጥይት ለብቻው ይታያል። የእርሳስ ፍሬ ለውኃ ወፎች አደን በአሜሪካ ከ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላ አገሪቱ ስለተከለከለ፣ በአውሮፓ ኅብረትም በረግረጋማ ቦታዎች ከየካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለታገደ፣ የአረብ ብረት ፍሬ አጠቃቀም ተስፋፍቷል። ይህ ፍሬ ከእርሳስ እጅግ የጠጠረ በመሆኑ በርሜሉን እንዳይቧጥጥ በወፍራም ጽዋ ይታቀፋል፤ ስለሆነም ቅሪቱ የጽዋው ነው፤ ጽዋው ፕላስቲክ በሚሆንበት ጊዜም የሚከተለው የፕላስቲክ አሠራር ነው።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ለበርሜሉ ስፋት የተመጠነ መወልወያ ዘንግ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ የባሩድ ማሟሚያ፣ የጥጥ ጨርቅ ቁራጮች፣ የጠመንጃ ዘይትና ጓንት ይዘጋጃሉ። የሾትጋን ፍሬ የመዳብ ልባስ እንዳለው የነጠላ ጥይት ጠመንጃ (ራይፍል) ጥይት ስላልሆነ፣ አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማስለቀቂያ አያስፈልግም። የብረት ሽቦ ብሩሽ ግን ግድግዳውን ስለሚቧጥጥ ፈጽሞ አይገባም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ጥይት ሁሉ ጽዳቱ ከሚካሄድበት ቤት ይወጣል፤ ጠመንጃው ተከፍቶ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ቀጥሎ ከኋላ ወደ ብርሃን ተመልክቶ በርሜሉ ያልተዘጋ መሆኑ ይታያል። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ በደካማ ተኩስ ያልወጣ ውታፍ፣ ወይም በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ በስሕተት ገብቶ ወደ ፊት የተሰነቀረ፣ ከእርሱ የሚቀጥነው የ20 ጌጅ ጥይት፣ በሚቀጥለው ተኩስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። የ20 ጌጅ ቀለህ በአብዛኛው ቢጫ የሚደረገውም ይህ እንዳይምታታ ነው።

2. ጠመንጃው ተፈታትቶ በርሜሉ ለብቻው ይወጣል፤ ተነቃይ ቾክ ካለውም ይፈታል።

3. ደረቅ ጨርቅ ጥይቱ ከሚጎርስበት ጫፍ ወደ አፈሙዝ አንድ ጊዜ ይገፋል፤ ጨርቁም ይመረመራል። ጥቁር ብቻ ከሆነ ጥቀርሻ ነው፤ የብር ቀለም ያለው ብልጭልጭ ቅንጣት ከታየበት እርሳስ ነው፤ የውታፉን ቀለም የያዘ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ከወጣ ፕላስቲክ ነው።

4. በማሟሚያው የረጠበ ጨርቅ ሙሉውን ርዝመት ይወለወላል፤ ፈሳሹም በመያዣው ላይ የተመለከተውን ጊዜ ያህል ይቆያል።

5. የነሐስ ብሩሹ በበርሜሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ይገፋል፤ መካከል ላይ ከተገታ ሽቦዎቹ ስለሚታጠፉ አቅጣጫ የሚለወጠው ከወጣ በኋላ ነው። የፕላስቲክ ውታፍ ከተተኮሰ ለአንገቱና ለቾኩ ተደጋጋሚ ፍትጊያ ይጨመራል። የቃጫ ውታፍ ከሆነ ደግሞ በብሩሹ ላይ ጥቂት ለስላሳ የነሐስ ሱፍ ጠምጥሞ ግራጫው ጭረት እስኪጠፋ መፈተግ ይበጃል።

6. ንጹሕ ጨርቅ እየተለዋወጠ ይወለወላል፤ ከዚያም በርሜሉ በብርሃን አንጻር በቀስታ እየተሽከረከረ ይታያል። የጸዳ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ያንጸባርቃል፤ ፈዛዛና ረዥም መስመር ካለ ግን ቅሪት አለና ከአራተኛው ደረጃ ይደገማል።

7. ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ከበርሜሉ ሰፋ ስለሚል ለእርሱ በተመጠነ ብሩሽ ይጸዳል፤ የቾኩ ጥርሶችም ተጠርገው በስሱ ቅባት ይቀባሉ። በመጨረሻ በርሜሉ ስስ ዘይት ይለብሳል፤ ከሚቀጥለው ተኩስ በፊት ግን ዘይቱ በደረቅ ጨርቅ ይወጣል።

8. እርሳስ መርዛማ ብረት በመሆኑ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወናል፤ ያገለገሉ ጨርቆች አይቃጠሉም፣ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠባል።

ልዩ ሁኔታዎች

ውስጡ በክሮም የተለበጠ በርሜል ቅሪትንና ዝገትን በተሻለ ስለሚቋቋም ያነሰ ፍትጊያ ይበቃዋል። በጋዝ ግፊት ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከሆነ ጥቀርሻው ጋዙ ወደሚገፋው ፒስተንም ስለሚደርስ፣ በርሜሉን ብቻ ማጽዳት ሥራውን አያጠናቅቅም። በዝናብ ከተተኮሰ ደግሞ በቅሪቱ ሥር የሚታቆረው እርጥበት ብረቱን ስለሚያዝገው፣ የውታፉ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ጽዳቱ ለማግሥት አይተላለፍም።

የውታፉ ዓይነት ብዙውን ጊዜ በጥይቱ ሳጥን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ማንኛውም ባለ ጠመንጃ ሳጥኑን ከመጣሉ በፊት ይህን ያንብብ፤ ከማሟሚያው ይልቅ ብሩሹ መቼ እንደሚበረታ የሚያውቀው ከዚያ ነውና።